የሌባው አራሚ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ቀይ ብዕር» ነው የሚሏት፤ እሱም ከኋላዋ። ፊት ለፊትማ «እትዬ» ነች፤ ማን ደፍሮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራ፣ አሁን ስሕተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። የሐኪም ማዘዣ ታርማለች። የሱቅ ማስታወቂያ ታርማለች። አንድ ቀን ሊፍቱ ላይ የተለጠፈውን «ተበላሽቶአል» የሚል ወረቀት አስተካክላ፣ የብዕሯን ክዳን ገጥማ፣ ኪሷ ከከተተች በኋላ ነው አራት ፎቅ በእግሯ መውጣት እንዳለባት የገባት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልትጀምር ስትል ስልኳ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ገባ።

«ዉድ ደምበኛችን! አካዉንቶ አደጋ ላይ ነዉ። አሥቸኳይ! አሥቸኳይ! በ24 ሠዓት ውሥጥ ሊንኩን ተጭነው ሚስጥር ኮዱን ካላሥገቡ አካዉንቶ ለዘላአለም ይዘጋል። የደህንነት ክፍል።»

የሌባ መሆኑን ወዲያው አወቀች። ሞኝ አይደለችም። ባለፈው ወር ማተሚያ ቤቱ «ከስልክና ከኮምፒውተር ሌቦች ራስዎን ይጠብቁ» የሚል በራሪ ወረቀት ሲያትም ሦስት ጊዜ ያረመችው እሷ ናት። ሌብነቱ ግን ያን ያህል አልከነከናትም። የከነከናት ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ንጉሡን ሠ በማይገባበት ሁሉ ሲረጨው ከርሞ፣ በሚገባበት ቦታ፣ ምሥጢር የሚለው ላይ፣ ነፍጎታል!

«ስርቆቱስ ይሁን፤ ፊደሉ ምን አደረገው?» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ ያለችው ገጽ አቀናባሪ ቀና ብላ አይታት ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች፤ ለምዳለች።

ወረቀቱ እንደሚለው መልእክቱን ማጥፋት ነበረባት። አላጠፋችውም። ከላይ እስከ ታች አርማ፣ «አሥራ ሦስት ስሕተት። ተስተካክሎ ከታች ተመልከት» ብላ ለሌባው መልሳ ላከችለት። እንዲያፍር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ሌባው ግን የሚያፍር ዓይነት አልነበረም።

«አመሠግናለሁ መምህርት» አላት።

«አመሰግናለሁ። በእሳቱ ሰ!»

ማክሰኞ ሁለተኛውን ረቂቅ ላከላት። እዚህ ላይ መተው ነበረባት፤ አልተወችም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እርማቷን አመስግኖ የተቀበለ አንድ ደራሲ አልገጠማትም፤ ሁሉም እናቱን የሰደበችበት ይመስል ነው የሚያኮርፈው። ስለዚህ ፊደሉን አልፋ ወደ አጻጻፉ ገባች። «‹አስቸኳይ› አንዴ ይበቃል፤ ሲደጋገም ያስጠረጥራል። ቃለ አጋኖውን አውጣው። የተረጋጋ ሰው ይታመናል» ብላ መከረችው፤ የሰላምታና የሥርዓተ ነጥብ ናሙናም ጨመረችለት። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። ይቺ ደግሞ ለአመሏ ሌባ አሠለጠነች።

አሁን ስለ ታናሽ እኅቷ ማውራት ያስፈልጋል። ታናሺቱ፣ እሷ «ሚጢ» የምትላት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ትንሽ ሱቅ አላት። እጇ ወርቅ ነው፤ ፊደሏ ግን ጉድ ነው። ሁልጊዜ «ሠላም» ብላ በንጉሡ ሠ ነው የምትጽፈው። ታላቂቱም ሁልጊዜ «ሰላም። በእሳቱ ሰ» ብላ ትመልስላታለች። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የለም፤ ታናሺቱ «ደዉይልኝ» ትላለች፣ አለቀ። ይህ ነገር የጀመረው በልጅነታቸው ነው። ታናሺቱ አክስት ቤት ተልካ ሳለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈችላት፤ ታላቂቱ በቀይ አርማ መልሳ በፖስታ ላከችላት። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መስመር በላይ ጽፋላት አታውቅም።

ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከታናሺቱ መልእክት መጣ።

«ሰላም እትዬ፤ እንደምን ዋልሽ? ስልኬ ችግር ገጥሞት ምሥጢራዊ ኮድ ወደ አንቺ አስልኬያለሁ። ስድስቱን ቁጥሮች መልሰሽ ብትልኪልኝ ውለታሽን አልረሳም።»

እትዬ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰላም በእሳቱ ሰ! ምሥጢር በንጉሡ ሠ! ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በየቦታቸው! አርባ ዓመት ሙሉ የለፋችበት ፍሬ ሊያፈራ ነው ብላ እንባዋ ሁሉ መጣ። ኮዱም በእርግጥ ገብቷል። ቁጥሮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብላ ጻፈች።

ስድስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሚጢ?» አለች። «ሚጢ ይህን? ሞቼ ነው!»

እኅቷን ታውቃታለች። ሚጢ ሰማይ ቢደፋባት ሰላምን በእሳቱ ሰ አትጽፍም። ቁጥሮቹን አጥፍታ፣ ቦርሳዋን ሳትይዝ፣ ጫማዋን በግማሽ አጥልቃ ወጣች።

ልብስ ስፌት ቤቱ ስትደርስ ታናሺቱ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ጨርቅ ትቆርጣለች። ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ የሙሽራዋና የሰባት ሚዜዎች ልብስ እሷ ጋ ነው። ልኬቱ፣ የሞዴሉ ፎቶ፣ የደንበኞቹ መልእክት፣ ሁሉም ያለው ስልኳ ላይ ነው።

«ሚጢ! ኮድ ልከሽልኛል?»

«የምን ኮድ? እጄ እንዲህ ተይዞ?»

ስልኩን ከፈቱት። በታናሺቱ ስም፣ በሚያምር አማርኛ፣ ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለደንበኛው ሁሉ ኮድ ተጠይቋል። ታናሺቱ ክው አለች። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ሰው እኮ በእምነት ነው ልብሱን የሚሰጠኝ» አለች። «ስሜ ከጠፋ ምን አለኝ?»

ከጎን ያለው ስልክ ጠጋኝ፣ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ጎልማሳ፣ ተጠርቶ መጣ። ስልኩን ነካካ፣ ተነፈሰ።

«ገና ከአካውንትዎ አላባረረዎትም፤ ተመስገን ነው። ይኸው፣ በእርስዎ አካውንት የገባው ሌላ ስልክ ይህ ነው። አስወጣሁት። አሁን ሁለተኛ የይለፍ ቃል እናድርግበት፤ የልደት ቀን እንዳይሆን ብቻ። ለመሆኑ እንዴት ገባ?»

«ትናንት መልእክት መጣልኝ፣ ኮዱን አስገባሁ» አለች ታናሺቱ። «መጀመሪያ ሰኞ የመጣውንማ ጣልኩት፤ ስሕተቱ ለእኔ እንኳ ታየኝ። ይሄኛው ግን እትዬ የጻፈችው ነው የሚመስለው። እንዲህ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው አይዋሽም አልኩ።»

ዶክተሩ መልእክቱን አነበበው። «ይገርማል! ሌባ እንዲህ ዓይነት አማርኛ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። ‹አስቸኳይ› እንኳ አንዴ ብቻ ነው ያለው። ማን ጻፈለት?»

እትዬ ወለሉ ላይ የወደቁትን የጨርቅ ቁራጮች አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የልብስ ስፌት መኪናውን አየች። የእኅቷን እጅ አየች፤ መለኪያ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ያረምኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። ምክርም ጨምሬለታለሁ።»

ዶክተሩ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ። ታናሺቱ ግን አልሳቀችም።

«ለሌባው ምክር ጨመርሽለት? ለእኔ ደብዳቤ ግን ቀዩን ብቻ መለስሽልኝ። አንድ ቃል እንኳ ከጎኑ አልጻፍሽበትም። ለመሆኑ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

እትዬ ለማስታወስ ሞከረች። ስሕተቶቹን ታስታውሳለች፤ አርባ ሰባት ነበሩ። ደብዳቤው የሚለውን ግን አታውቅም። አርማዋለች እንጂ አላነበበችውም።

«ናፍቀሽኛል ነው የሚለው» አለች ታናሺቱ። «ሦስት ገጽ ሙሉ።»

እትዬ አፈረች፤ ፊቷ ሁሉ ጋለ። ያን በራሪ ወረቀትም ያኔ አስታወሰች። አራተኛው መስመር ላይ «ለማያውቁት ላኪ መልስ አይስጡ» ይላል። «መልሥ» የሚለውን «መልስ» ብላ ያስተካከለችው ራሷ ናት።

«እሺ፣ ፍርዱ ኋላ ይደርሳል» አለ ዶክተሩ። «አሁን ለደንበኞቹ ማስጠንቀቂያ ይላክ። ቶሎ!»

እትዬ ስልኩን ተቀብላ ጻፈች፤ እንደ ልማዷ፣ እንከን የሌለው። ታናሺቱ አየችውና ነጠቀቻት።

«እንዲህ ከተጻፈማ ሌባው ነው የሚሉት! ቁጭ በይ፤ እኔ እነግርሻለሁ። ሠላም። በንጉሡ ሠ።»

«ሚጢ፣ እባክሽ...»

«በንጉሡ!»

እትዬ ጻፈች። ጥርሷን ስታስነቅል የምታደርገውን ፊት እያደረገች፣ «ሠላም ደምበኞቼ። በኔ ሥም ኮድ የጠየቃችሁ ሌባ ነዉ። እንዳትሠጡ» ብላ ጻፈች። እያንዳንዱን ስሕተት ታናሺቱ ቆማ አስጻፈቻት። ወዲያው ሙሽራዋ መለሰች፦ «ይሄ እውነትም አንቺ ነሽ! ልልክለት ነበር እኮ። ያኛው በጣም የተማረ ነው፤ ተጠራጥሬ ነበር።» ሚዜዎቹም ተከታትለው መለሱ። ኮዱን የሰጠ አልነበረም። ታናሺቱ መቀሷን አነሣች፤ ያኔ ነው የሳቀችው፣ ስትስቅ ደግሞ ማቆሚያ የላትም።

ወደ ቢሮ ስትመለስ የእትዬ ስልክ እንደገና ጮኸ። ደቀ መዝሙሯ ነው። «መምህርት፣ አዲሥ ጽሁፍ አለኝ፤ ይዩልኝ» ይላል፣ ከታች ረጅም ረቂቅ አለ። መንገድ ዳር ቆማ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ ስሕተት። እጇን አሳከካት። አንዱን ብቻ ላስተካክል፣ «አዲስ» የሚለውን ብቻ፣ ብላ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ከዚያ አሥራ ዘጠኙንም እንዳሉ ትታ አገደችው። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም።

ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ ሳለች ከታናሺቱ መልእክት ገባ። ረጅም ነበር፤ ስልኩ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ መግፋት አስፈለጋት። ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ፣ ስለ ዶክተሩ ሳቅ፣ አክስት ቤት ስላለቀሰችበት መኝታ። በየመስመሩ ንጉሡ ሠ ያለቦታው ተዘርቷል። እትዬ ሁሉንም አነበበችው፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ፌርማታ አለፋት።

ከዚያ መልስ ጻፈች። «ናፍቀሽኛል» አለች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ማን ነህ አንተ ሌባ? እትዬ እንዲህ አትልም።»

እትዬ ብቻዋን ሳቀች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አዩዋት። ጣቷ ለጥቂት ሰከንድ አመነታ፤ ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ በንጉሡ ሠ ጻፈችው።

«ሠላም ሚጢ። እኔ ነኝ።»