የአሮጌው ካርድ ጠባቂ

«በእጁ አትስጪው፤ ፊቱ አስቀምጪለት» አለች ሱሎቻና፣ የፕራባት እህት።

ዳንማያ የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ወረቀቱን ሐዘንተኛውን ከሚለየው፣ በእበት ከተለቀለቀው መስመር ማዶ አኖረችው። ፕራባት ራሱን ተላጭቶ፣ ስፌት ያልነካው ነጭ ጨርቅ አገልድሞ ገለባ ላይ ከተቀመጠ ስምንተኛ ቀኑ ነው። በሃይማኖታቸው ሥርዓት አባት የሞተበት ወንድ ልጅ እስከ አስራ ሦስተኛው ቀን ጨው አይቀምስም፤ ሰውም አይነካውም።

ዳንማያ ጁምላ ተራራ ላይ ያለች ጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላታ ካትማንዱ የመጣችው የፕራባት አባት፣ ሽማግሌው ኬዳርናት፣ እሷ ዘንድ ስለሞቱ ነው።

«ያ አሮጌ ካርድ ያለበትን ኮምፒውተራችንን ፈትተው ገጠሙት፤ አዲሱን ፕሮግራም ጭነው ከወረዳው ጋር አገናኙት። መስመሩ ባይቋረጥ የሙከራውን ውጤት ከዚያው ይልኩት ነበር። ደረታቸውን ሲይዛቸው ግን ‹ይህን ወረቀት ለልጄ ስጪው፤ የት እንደሚላክ ያውቃል› አሉኝ።»

ያውቃል እንጂ። ሽማግሌውን ለዚያ መንገድ ያስነሳውን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው።

ኬዳርናት የፊዚክስ መምህር ነበሩ። የዓለም በጎ ፈቃደኞች እየጻፉ በነጻ በሚያድሉት ስርዓተ ክወና ውስጥ፣ ኮምፒውተርን ከመስመር ለሚያገናኝ፣ ሠላሳ ዓመት ላስቆጠረ የኔትወርክ ካርድ የሚያገለግለውን ኮድ ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። ጎረቤት ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ ይስቅባቸው ነበር። ፕራባት በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያ ሥራውን ለዚያው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሲልክ፣ አባቱ ዓለም እያየ መለሱበት። «መሣሪያው ላይ ሳትሞክር አትላክ» ነበር ያሉት። ልጁ ይህን አልረሳም።

ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላ ብድሩን መለሰ። «የዚህ ኮድ ጠባቂ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ካርዱም የሙዚየም ዕቃ ነው። መሣሪያው ላይ ሞክሮ ይሠራል የሚል በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀረበ እናጥፋው» ብሎ ለማኅበሩ ጻፈ። ድምፁ የጠፋው ጠባቂ እኮ ከእሱ በታች ባለው ፎቅ ነበር የሚኖረው።

«ካልተላከ ምን ይሆናል?» አለች ዳንማያ።

«አሁን ምንም አይሆንም። ወረዳው ይህ ኮድ የሌለበትን አዲሱን ፕሮግራም ሲያስጭናችሁ ግን ማሽኑ መስመር ያጣል።»

«ሌላ ማሽን የለንም፣ ወንድሜ። የሕፃናቱ የክትባት መዝገብ እዚያው ላይ ነው።»

ፕራባት ወረቀቱን ሳያነሳ ገለባውን ያስተካክል ጀመር።

ሴትዮዋ ስትሄድ ሱሎቻና መስመሩ ጥግ ተቀመጠች። «ቀነ ገደቡ ነገ ነው። አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ፣ እህቴ። ከሥርዓት አታስወጪኝ።»

ጠዋት የአጎቱ ልጅ የክሪኬት ውጤት በስልክ ሲያሳየው ሥርዓቱ ትዝ አላለውም ነበር። የከበደው ሌላ ነው፤ ከገዛ ደብዳቤው ሥር አባቱ ሞክረውት እንደሠራ፣ ሲሞክሩም እንደሞቱ መጻፍ ነበረበት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እሱ ቂሙን እንደያዘ ማለዳ ማለዳ ለአባቱ ነፍስ ውሃ ያፈስ ነበር።

ዘጠነኛው ቀን ወረቀቱ ወለል ላይ እንዳለ መሸ። በአሥረኛው ቀን የአጎቱ ልጅ የመጣውን መልእክት አነበበለት። መልስ የሰጠ ስለሌለ ኮዱ ተሰርዟል፣ የጠባቂውም ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ፕራባትም ስላጸዳላቸው ይመሰገናል። ያኔ ፕራባት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቀስተኞቹም እንዲህ አባቱን የሚወድ ልጅ አላየንም ተባባሉ።

ሱሎቻና አላለቀሰችም። ሰዉ እስኪወጣ ጠብቃ ወረቀቱን አነሳችው።

«አባባ ደብዳቤህን ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ። አልተቆጣም። ‹ልጄ ትክክል ነው፤ እኔም ሳልሞክር አልመልስለትም› አለኝ። ከዚያ በሰባ ሁለት ዓመቱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።»

በአስራ ሦስተኛው ቀን ካህኑ ሐዘኑን ፈታ፤ ገለባው ወጣ፣ መስመሩም ታጠበ። ዘመድ ወዳጁ ተራ በተራ ፕራባትን አቀፈው። ሱሎቻና ጨው የሚቀምስበትን የመጀመሪያ ምግብ ይዛ ስትመጣ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

እሷ ግን ሳህኑን መስመሩ የነበረበት ቦታ ማዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ጨዉን ከላይ በጣቶቿ በተነችለትና እጁ እንዳይደርስባት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።