አሸዋው ሳይፈስ

በዘጠነኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ ወንዙ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለውም። ሳይጠራ ገብቶ አልጋ ሥር ይተኛል። ያን ቀን ጠዋት ቲየን ስትነቃ ጫማዋ በክፍሉ ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲዞር አገኘችው። እናቷ ወንበር ላይ እግራቸውን ሰብስበው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ የሩዝ ገንፏቸውን ይበላሉ።

«የአሸዋው ጀልባ ደርሷል» አሉ በማንኪያቸው ወደ ውጭ እያመለከቱ። «ቧንቧውን እየዘረጉ ነው።»

ጀልባው የመጣው የሎተሱን ኩሬ ሊደፍን ነው። ኩሬው ላይ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፤ ንድፉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ቲየን ናት። አካባቢውን የማይጎዳ ሕንፃ ይሁን ተብላ፣ ዝናብ የሚያጠራቅም ጣሪያና ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ነድፋ ነበር። ሁሉም አማረ፣ ከመሬቱ በቀር። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መሬቱን በአሸዋ ከፍ ያደርጋል። አሸዋው የሚዛቀው ከወንዙ ሆድ ነው፤ ሆዱን ያራቆቱት ወንዝ ደግሞ ዞሮ ዳርቻውን ይበላል። አምና የእናቷን ኩሽና የወሰደው እንዲህ አድርጎ ነው። አሁን ኩሬው ከተደፈነ፣ በየሙላቱ እሱ የሚውጠው ውሃ የት ይሄዳል? ከእናቷ ቤት የቀረችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነዋ!

ይህን ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለጋሽ ቶአን ስትነግራቸው ከርማለች። የእሳቸው መልስ አንድ ነው፤ «ከፍ ያለ ደረቅ መሬት አምጪና ኩሬውን እተዋለሁ።» ካርታ ዘርግታ ፈለገች፤ አገሩ ሁሉ እንደ ሰሐን ዝርግ ሆነባት።

«ይልቅ ሞተርሽን ውሃ ሳይገባው አውጪው» አሉ እናቷ።

«የት ላውጣው እማዬ?»

«ሰዉ የሚያወጣበት ነዋ! አሥር ዓመት ከተማ ኖረሽ ጭራሽ እንግዳ ሆንሽ?»

ሞተር ሳይክሏን እየገፋች፣ ውሃው ጉልበቷን እየነካ፣ ጎረቤቶቿን ተከትላ ሄደች። ሰዉ ሁሉ የሚያቀናው እሳታቸው ከጠፋ ዓመታት ወደሆናቸው ወደ አሮጌዎቹ የጡብ መተኮሻ ምድጃዎች ነው። ግቢው የቀበሌው ቢሆንም ከሙላት ቀን ውጪ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ዛሬ ግን ሞተሮች በረድፍ ቆመውበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዲት ሴት በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝ ትሸጣለች። ቲየን ድንገት ቀጥ አለች። እግሯ ደረቅ ነው።

«ደረቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት ሩዝ ሻጯ። «እኛማ ወትሮም ስለምናውቀው አንጮህም።»

ቲየን አልሰማቻትም። መሬቱን በተረከዟ ጫር አደረገችው፤ ስባሪ ጡብና አመድ፣ ከሥሩም ስባሪ ጡብና አመድ። የተሰበረ ጡብ ሲጣልበት፣ ሲጣልበት፣ ማንም ሳያስበው ኮረብታ ሆኗል። ከዚህ በላይ የሚደፋ አሸዋ አያስፈልግም! ቤት የሚያካክሉት ሦስቱ ምድጃዎች እንደተደፋ ማሰሮ ቁጭ ብለዋል፤ በመካከላቸው የወንዙ ነፋስ ሽው ይላል። ከኋላ ጭቃ የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ከግቢው የሚወርደውን ዝናብ እነሱ ይቀበሉታል። ስባሪ ጡብ አንስታ መሬቱ ላይ መሳል ያዘች። ክፍሎቹ እዚህ፣ በሮቻቸው ወደ ነፋሱ፣ የግቢው ትልቅ ዛፍ ሳይነካ። ምድጃዎቹ ደግሞ ማንበቢያ ቤት! ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት አያስገቡም። ለማየት ወደ ትልቁ ምድጃ ሮጣ ገባች።

ውስጥ ጋሽ ቶአን ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ቀዩ ሞተራቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይበላሉ።

«ጋሼ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሞተሬን ከውሃ አሸሻለሁ። ምን ያስጮህሻል?»

«ሌላ ቦታ አጡ?»

«አንቺ ደግሞ! በቀበሌው ከዚህ የተሻለ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት የት...» ጋሽ ቶአን ሩዙን ከአፋቸው መለስ አድርገው መሬቱን አዩ።

ተከትለዋት መጥተው በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ትምህርት ቤት፣ አመድ ላይ?» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ጡብ ሲሸከም የኖረውን አባቴን ጭሱ እኮ እያሳለ ነው የገደለው። ልጆቹን እዚህ አላስገባም።»

ቲየን ጠጋ አለቻቸው። «አፈሩን አስመረምራለሁ፣ ንጹሕ አፈርም አለብሰዋለሁ። ጋሼ፣ ጭሱ ሄዷል። የቀረው የአባትዎ ድካም ነው። ዛሬ እግርዎ የደረቀው እሳቸው በተሸከሙት ጡብ ላይ ስለቆሙ ነው።»

ጋሽ ቶአን ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወዲያው ከወንዙ በኩል አሸዋውን በቧንቧ የሚገፋው ፓምፕ ሞተሩ ሲነሳ ተሰማ። ሩዙን ቲየን እጅ ላይ ጣሉና በዚያ ዕድሜያቸው ውሃውን እየረጩ ሮጡ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

«አቁም! አንተ፣ አቁም ብያለሁ!»

የጀልባው ካፒቴን ጆሮውን ይዞ አጎነበሰ። «ምን አሉ?»

«ኩሬው አይደፈንም!»

«እና ይህን ሁሉ አሸዋ የት ላድርሰው?»

«ከወሰድክበት!» አሉ ጋሽ ቶአን። «ወንዙ ውስጥ መልሰው!»

ካፒቴኑ ሽማግሌው አብደዋል ብሎ ቲየንን አያት። እሷ ግን እስከ ጭኗ ውሃ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ የቧንቧውን አፍ ወደ ወንዙ አዞረው።