ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ

ልብስ ሰፊዋና ነርሷ የሰፈሩን ማኅበር ሲያቋቁሙ ከጎናቸው የቆሙት ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ብቻ ነበሩ። ሁሉን ነገር በመኪና ቋንቋ ስለሚናገሩ ሰፈሩ «ጋሼ ማርሽ» ይላቸዋል። ሊቀመንበርነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ፤ ሥራው ግን የሁለቱ ሴቶች ነበር። ቱቦ ሲደፈን አካፋ ይዘው የሚወጡት፣ ጣሪያ ለሚያፈስበት አቅመ ደካማ ቆርቆሮ የሚለምኑት፣ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ የሚያስታምሙት እነሱ ናቸው። የሰፈሩ ቀልደኞች «ሁለቱ መርፌዎች» የሚል ስም አወጡላቸው፤ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ትወጋለች። ሁለቱም ይህን ሲሰሙ እኩል ይስቁ ነበር።

ሰፊዋ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ወንድ ልጅ አላት። ለጎረቤት የነገረችው ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ነው ብላ ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። ልጁ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጣልቶ፣ በንዴት በወረወረው ብረት የሰውዬውን ዓይን አጥፍቶ እስር ቤት ገብቷል። ይህን የምታውቅ ነርሷ ብቻ ናት። የነገረቻትም አንዲት የአልጋ ቁራኛ ሴትዮ ቤት፣ የበሽተኛዋን አንሶላ አብረው ሲያጥቡ ነው። ነርሷ እጇን ከሳሙናው አውጥታ፣ እርጥብ እንደሆነች እቅፍ አደረገቻት።

«በቃ፣ እዚሁ ይቀራል» አለቻት። «ለባሌ እንኳ ትንፍሽ አልልም።»

ሰፊዋ የዚያን ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

በዓመቱ ማኅበሩ ትልቅ ነገር አሰበ። ከውኃ ታንከሩ ጎን ያለውን አሮጌ መጋዘን ጠርጎ፣ ሥራ ለሚውሉ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ሊያደርገው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መካኒኩ የዛገውን በር አቀናው፤ ጎረምሶቹ ግድግዳውን ቀቡ። ሰፊዋ ከተረፈ ጨርቅ የፍራሽ ልብስና መጋረጃ ሰፋች፤ መሬት ለመሬት የሚድኸው ልጅ እንዳይበርደውም ብርድ ልብስ ደራርባ ወፍራም ምንጣፍ አደረገችለት። ነርሷ የመድኃኒት ሣጥኑን አሟላች፤ መስኮቱ ከፍ ይበል፣ መታጠቢያው ዝቅ ይበል እያለች አዘዘች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ግን ብቅ ብሎ «ሰፊዋ፣ እጅሽ ይባረክ!» ብሎ ይሄዳል። ነርሷ ጠርሙሶቿን እየደረደረች ትሰማለች።

ክፍሉ ሊከፈት ሲል ጋሼ ማርሽ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው።

«እኔ ጋራዥ ልግባ፤ ሌላ ሹፌር ፈልጉ» አሉ። ቀጥሎ ሊቀመንበር የምትሆነው፣ ማቆያውንም የምትይዘው ሰፊዋ እንደሆነች የሚጠራጠር አልነበረም። እሷም ብትሆን፣ አፏን ሞልታ አትናገረው እንጂ፣ ለስብሰባው ቀን ደህናውን ቀሚሷን ተኩሳ ነበር።

ስብሰባው እዚያው ማቆያው ውስጥ ሆነ። ትልልቆቹ ሰዎች በሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ተቀምጠው ሲታዩ ያስቁ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ጋሼ ማርሽ ሁለቱን ሴቶች በዕጩነት ጠሩ።

«እሺ፣ ሰፊዋን የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

እጃቸውን ያወጡት እርሳቸው ራሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው አንገቱን ደፋ። በምጥ ስትጨነቅ ሰፊዋ ሲነጋ ሲመሽ ያልተለየቻት የመካኒኩ ሚስት እንኳ የልጇን ጫማ ታስርና ትፈታ ጀመር። የነርሷ ስም ሲጠራ እጁ ሁሉ ቀስ እያለ ወጣ።

ሰፊዋ ከሰው ጋር አብራ አጨበጨበች። ለነርሷም «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። ነርሷ ጉንጯን ስትስማት ዓይኗን ዓይኗ ላይ አላሳረፈችም። ሰፊዋ በልቧ ደክሟት ይሆናል አለች።

ምን እንዳጠፋች ለማወቅ ራሷን ስታብጠለጥል ሰነበተች። ሰው አስቀይሜ ይሆን? ቁጡ ሆኜባቸው ይሆን? አንድ ቀን መካኒኩ የተቀደደ ቱታውን ሊያሰፋ ሱቋ መጣ። ቆሞ እየጠበቀ፣ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት፣ «ለመሆኑ እትዬ፣ ልጁ መቼ ነው የሚፈታው?» አላት።

የስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ ያለው እግሯ ቀጥ አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ኧረ... ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ» አለ ተደናግጦ። «ቤት ለቤት ነው የተነገረን። ‹የራሷን ልጅ እንዲያ አድርጋ ላሳደገች ሴት ልጆቻችንን እንዴት እንስጥ› ተባለ። እኔ እንኳ...»

ማን እንደነገራቸው አልጠየቀችም። የምትጠይቀው ነገር አልነበረም። ቱታውን ሰፍታ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ከዚያ ሱቋን ዘግታ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ ቁስል ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ፋሻ እየቆረጠች ነበር። ስታያት መቀሱን አስቀመጠች።

«ተናገርሽው» አለቻት ሰፊዋ።

«ለሕፃናቱ ብዬ ነው። እናቶች የማወቅ መብት አላቸው።»

«ለሕፃናቱ ከሆነ ለምን ፊቴ አልተናገርሽም? ስብሰባው ላይ ጎንሽ ተቀምጬ አልነበር?»

«ውሸት ነው እንዴ ያወራሁት? ልጅሽ አልታሰረም?»

«ታስሯል።»

«እና?»

ነርሷ ፊቷ ቀላ፤ ድምጿ ከፍ አለ።

«አብረን ቆሻሻ ስንዝቅ፣ አብረን ስናስታምም፣ ስሙ ሁልጊዜ ያንቺ ነው! ሰፊዋ እንዲህ አደረገች፣ ሰፊዋ እንዲያ አደረገች! እኔስ? እኔ የት ነበርኩ?»

«ይኼን ብትነግሪኝ ሊቀመንበርነቱን በገዛ እጄ እሰጥሽ ነበር እኮ» አለች ሰፊዋ። «አንድ ጊዜ ብትነግሪኝ!»

ወጥታ ስትሄድ መንገድ ላይ እንባዋ መጣ። ከልጇ መታሰር ጀምሮ የከፋት ጊዜ የምትሄደው አንድ ቦታ ነበር፤ እግሯም ሳታስበው ወደዚያው ወደ ነርሷ ቤት ታጥፎ ነበር። በሩ አጠገብ ስትደርስ ነው የነቃችው።

በቀጣዩ ስብሰባ ጋሼ ማርሽ ምርጫው ይደገም አሉ። ሰፊዋ ተነሳች።

«አይደገምም። ልጄ ሰው ጎድቶ ታስሯል። ዋሽቻችኋለሁ፤ አፍሬ ነው። ከእንግዲህ የምታውቁት ከእኔ ከራሴ አፍ ነው። እናንተ ግን የዚህን ያህል ጊዜ ስታውቁኝ፣ አንዳችሁ እንኳ መጥታችሁ ‹እውነት ነው ወይ?› ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

አንዳንዱ አለቀሰ። የመካኒኩ ሚስት «ይቅር በይን» አለች። ሰፊዋ ሰማቻት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ነርሷ ሊቀመንበር ሆና ቀጠለች። ማቆያው ግን ቀኑን ሙሉ ሕፃን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ጤና ጣቢያ ተረኛ ናት። እናቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ልጃቸውን ታቅፈው ሰፊዋ ሱቅ ደጃፍ ይቆሙ ጀመር። ጥፋታቸውን ያውቃሉና አይለምኑም። ሰፊዋም ሕፃናቱን እያየች መጨከን አቃታት። መኪናዋን ወደ ማቆያው አስወሰደች፤ ልጆቹን እየጠበቀች እዚያው ትሰፋለች።

ነርሷ ሕፃናቱን ለመመርመር በየጊዜው ትመጣለች። ሁለቱ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ይነጋገራሉ።

«ይኼኛው ያስለዋል?»

«ትንሽ።»

«ውኃ በደንብ ስጪው።»

«እሺ።»

አንድ ከሰዓት ነርሷ ምርመራውን ጨርሳ ቦርሳዋን ዘጋች፤ አልሄደችም። ሕፃናቱ ተደርድረው ተኝተዋል።

«ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» አለች በቀስታ።

«የልጆቹ ነገር ነው?»

«አይደለም።»

ሰፊዋ ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«እንግዲያው ስትወጪ በሩን ገርበብ አድርጊልኝ፤ ብርድ ይገባባቸዋል።»

ነርሷ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ወጥታ በሩን እንደተባለችው ገርበብ አደረገችው። ኮቴዋ ወዲያው አልራቀም። ሰፊዋ ከበሩ ማዶ ቆማ ስትተነፍስ ሰማቻት፤ መርፌዋን ይዛ፣ እስክትሄድ ድረስ ሳትሰፋ ጠበቀች።