የግርዶሹ መስታወት

ሰፈሩ ልጅቷን «ለምን» ብሎ ነበር የሚጠራት። ትክክለኛ ስሟን ከአስተማሪዋ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ጨረቃ ለምን አትወድቅም? ብረት ሲግል መጀመሪያ ለምን ይቀላል? አባቷ በያጁ ግማሹን ጥያቄ «እኔ እንጃ» እያለ፣ ግማሹን ደግሞ ወደ እናቷ እየላከ ይገላገለዋል። ሰው ፊት ግን «ይቺ ልጅ ሰማዩን ፈታ ሳትገጣጥም አትቀርም» እያለ ይኮራባታል።

የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ቀን ጠዋት እየሮጠች ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች።

«አባዬ፣ የብየዳ መስታወት! አስተማሪያችን ጥቁሩ ከሆነ ፀሐይን ማየት ይቻላል ብላናለች።»

በያጁ ለዚያው ቀን የተቀጠረ የብረት በር እያጣደፈ ነበር። ማዕዘን ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ጭንብል መስታወቱን መዞ ሰጣት። ጥቁር መስሎ ታየው፤ ጥቁርም ነበር። እሷም ጠርዝ ጠርዙን ይዛ እንደ ታቦት አክብራ ወደ ግቢው ወጣች።

ትንሽ ቆይታ ጮኸች። «አባዬ ና! ጨረቃዋ ፀሐይዋን እየገመጠቻት ነው! ዳሯ እኮ ክብ ነው፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው!»

«እጄ ሥራ ይዟል፤ አንቺ እይልኝ!» አላት ከእሳቱ ሳይነሳ።

በማግስቱ መጽሐፍ ገለጠች። የምታየው ቃል መሀሉ ይጠፋል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ይቀራል። ዓይኗን አሸች፣ ታጠበች፤ ለውጥ የለም።

«አባዬ፣ ጨረቃዋ አልሄደችም» አለችው። «እኔ ጋ ግርዶሹ አላለፈም።»

እሱም ቀልዷን መስሎት ሳቀ። ያንን ሳቅ በኋላ ሲያስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

የዓይን ሐኪሟ ልጅቷን መሣሪያዋ ላይ አጎንብሳ መረመረቻት፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ወላጆቹ አዞረች። የሁለቱም ዓይኖቿ የውስጥ ግድግዳ መሀሉ ላይ በፀሐይ ተቃጥሏል። መድኃኒት የለውም። በወራት ውስጥ ሊሻላት ይችላል፤ እንዲሁ ሊቀርም ይችላል።

«ብዙ አየሽ እንዴ?» አለቻት።

«አዎ፣ በብየዳ መስታወት። ለአባዬም እያየሁለት ስለነበር።»

«ደህና የብየዳ መስታወት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር። ምናልባት በባዶ ዓይንሽ አይተሻል?»

«ኧረ አላየሁም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ይህን መሐላ በዚያ ቤት የማይምል አልነበረም። በያጁ ራሱ ለደንበኛ በሩ ነገ ይደርሳል ሲል በዓይኑ ይምላል። እናትየው ግን ዘላ የልጇን አፍ በእጇ ከደነች፤ ከዚያ እዚያው ሐኪሟ ፊት ማልቀስ ጀመረች።

በመንገድ ላይ እናትየው «እውነቱን ብትናገሪ ማን ይበላሻል?» አለቻት። ልጅቷ ስትክድባት ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ አፍህን ምን ለጎመው? ንገራት እንጂ!»

በያጁ ስለ መስታወቱ ሲጠየቅ ወደኋላ አይልም። ሃያ ዓመት ሙሉ የገዛ ዓይኑን ያተረፈለት እሱ ነው። «የኔ ልጅ፣ ያ መስታወት አያሳልፍም» አላት። «ሳታስቢው አንድ ጊዜ ከዓይንሽ አውርደሽው ይሆናል።»

ልጅቷ እጇን ከእጁ አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አልጠየቀችም። ምሳ ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። «ብረት ሲግል ለምን እንደሚቀላ ዛሬ ልንገርሽ?» ብሎ በያጁ ሞከራት። «አይ፣ ይቅር» አለችው።

ብየዳ ቤት ሄዶም ሥራ አልያዘለት አለ። ያንን አሮጌ ጭንብል አወረደና መስታወቱን ወደ ቦታው ሊመልሰው ከልጁ የተቀበለውን ከኪሱ አወጣ። በውስጥ በኩል ሊከተው ቢሞክር አልገባ አለው። ወደ ውስጥ ቢመለከት ጥቁሩ መስታወት እዚያው ቁጭ ብሏል።

የብየዳ ጭንብል ሁለት መስታወት አለው። ከውስጥ ዓይን የሚያድነው ጥቁሩ ነው፤ ከፊት ደግሞ የእሳት ፍንጣሪ እንዳያበላሸው ተራ ነጭ መስታወት ይደረግለታል። ይህን እሱ ለስንቱ አስተምሯል። የፊተኛው ግን ዓመታት ጭስና ጥቀርሻ ጠጥቶ ከኋለኛው የማይለይ ሆኖ ነበር።

በእጁ የያዘውን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጥቀርሻው ተነሣና ከመስታወቱ ማዶ የገዛ መዳፉን፣ የመዳፉን መስመር ሳይቀር አየ።

ሰማይ ተደፋበት። «እጄን በቆረጠው! እጄን በቆረጠው!» እያለ በሩን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ልጅቷ መስኮት አጠገብ ብርሃኑ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ መስታወቱን ነገራት፣ ጥቀርሻውን ነገራት። «እውነትሽን ነበር። ዓይንሽን እኔ አቃጠልኩት፤ ይኸ ሳያንስ ውሸታም አደረግኩሽ።»

እሷም ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አዞረች።

ይህን ይጠብቅ ነበር። «ልክ ነሽ ልጄ» አላት። «አትይኝ። እኔም ብሆን እንደኔ ያለውን አባት አላየውም።»

«አኩርፌ አይደለም እኮ አባዬ።» ዓይኗ ከጆሮው ላይ አልተነሣም። «ቀጥ ብዬ ሳይህ ፊት የለህም። ጆሮህን ሳይ ነው ፊትህ ከዳር የሚመጣው። እንድትታየኝ ብዬ ነው የዞርኩት።»

በያጁ እንባውን ለመጥረግ ያነሣውን እጅ መለሰው። እንዳይጠፋባት ፈርቶ ሳይነቃነቅ እዚያው ቀረ።