ለብቻዋ የታያት ትዕይንት

«ታዲያ ፊልሙ ምን ይላል?» አለች አክስቷ።

«እኔ እንጃ። ይሞቃል፣ ይጨልማል፤ ደግሞ ማንም አይጠራኝም» አለች እናቷ።

ሳዋኮ ያኔ ስድስት ወይ ሰባት ዓመቷ ቢሆን ነው። ከወረቀት ከተሠራው ተንሸራታች በር ወዲያ ሆና የሰማችው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ይሳቁ ያልቅሱ፣ ዛሬም ድረስ ትዝ አይላትም።

አሁን ስልሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስታ ወደ ጃፓኑ የሃቺኖሄ ወደብ ትወርድና እስከ ቀትር ድረስ ዓሣ በመጠን በመጠኑ ስትለይ ትውላለች። ከዚያ እጇን በሎሚ አሽታ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ከጫማ መሸጫው ፎቅ ላይ ወዳለው ወደ ካሞሜ ሲኒማ ትወጣለች። ወንበሮቹ አርባ ስምንት ናቸው። የእሷ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ነው።

በካሞሜ ልማድ አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ደንበኞቹ የወደዷቸውን ዐሥር ፊልሞች በወረቀት ጽፈው መግቢያው ግድግዳ ላይ ይሰኩና፣ በመጨረሻው እሑድ የላምባ ምድጃውን ከበው፣ መንደሪን እየላጡ ይከራከራሉ። በብዙ ሰው ወረቀት ላይ አንደኛ የወጣው ፊልም ለአዲስ ዓመት እንደገና ይታያል። ዘንድሮ ሁለት ፊልሞች ሦስት ሦስት ድምፅ ይዘው ቆሙ፦ መምህር ኒይያማ የመረጡት የዳኛው ታሪክና፣ የደሴቱ ጨው ሠራተኞች ታሪክ። ያልተነበበው የሳዋኮ ወረቀት ብቻ ነበር።

«ጨው ሠራተኞቹ!» አሉ ጋሽ ኩዶ፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ ወረቀቱን እያነበቡ። «አለቀ! እስቲ ንገሪን፣ ምኑን ወደድሽው?»

ሳዋኮ መንደሪኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጀልባዋ የመብራቱን ማማ ካለፈች በኋላ ያለውን። ሴትዮዋ ሽርጧን ፈትታ ስታራግፈው ጨዉ ወደ ላይ ይወጣል፤ አይወርድም። ሰማዩን እስኪሞላው ዝም ብሎ ይወጣል። ከዚያ ሴትዮዋ ዞር ትልና ‹ደከመሽ አይደል?› ትላለች።»



«እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አሉ መምህር ኒይያማ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ያዩትን ፊልም በየደቂቃው ይመዘግባሉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ። «ከማማው በኋላ የልጅቱ ሠርግ ነው። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ከበሮ ነው! አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ ሳዋኮ።»

ሁሉም ሳቁ። ሳዋኮም ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«መተኛቷንማ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ኩዶ፣ ወደ መሬት እያዩ። «አንገቷ ዘንበል ሲል ከላይ ከፊልም ማሳያው ክፍል መስኮት ይታየኛል። ድምፁን ትንሽ ቀነስ አደርግላታለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«እርስዎ ነዎት?» መምህር ኒይያማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ እኮ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሦስቴ ተመላልሻለሁ!»

ሳቁ ጋብ ሲል መምህር ደንቡን አስታወሱ፦ እስከ መጨረሻው ያልታየ ፊልም አይቆጠርም።  ሳዋኮ ተነሥታ ወረቀቷን ልትነቅል እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ኩዶ። «ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እንደገና አሳይሻለሁ። ነቅተሽ እዪው፤ ከወደድሽው ድምፅሽ ይቆጠራል።»

ለሌላው ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። የሳዋኮ ፊት ግን ጨለመ። ማታ ማታ፣ በሟች እናቷ ፎቶግራፍ ፊት ሩዝና ውኃ ካኖረች በኋላ፣ ያየችውን ፊልም ትተርክላታለች። ይህን ትዕይንት ብቻ ስንት ሌሊት ደጋግማዋለች። «ደከመሽ አይደል?» ያለው ድምፅ የእናቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፍቶባት፣ ያን ቀን ወንበሯ ላይ ሳትለምነው መጣላት። እንዲህ ያለው ነገር ከየት መጣልኝ ብላ አልጠየቀችም፤ እጇን አጋጥማ አመሰገነች እንጂ። አሁን ነቅታ ከተቀመጠች፣ በዚያ ቦታ ከበሮ ትሰማለች። ካልተቀመጠች ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከምድጃው ዳር ያላትን ቦታ ማጣቷ ነው።

ሌሎቹ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ወደ መምህር ኒይያማ ጠጋ አለች።

«መምህር፣ ማክሰኞ አጠገቤ ይቀመጡልኛል?»

«ምን ልሠራ?»

«ስተኛ በክርንዎ ጎሸም እንዲያደርጉኝ።»

«በደስታ ነዋ! የስድስት ዓመት ብድሬን እመልሳለሁ።»

«ከማማው በፊት ያድርጉኝ፤ ከሠርጉም በኋላ።»

«መካከሉስ?»

«መካከሉን ይተዉልኝ። እናቴ እዚያ ነው የምትናገረው።»

 መምህር ኒይያማ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። ግድግዳው ላይ፣ በራሳቸው ወረቀት አናት፣ የዳኛው ፊልም በወፍራም ቀለም ተጽፎ ይታያል፤ ሳዋኮ ማክሰኞ ድምፅዋን ከሰጠች የእሳቸው ፊልም መሸነፉ ነው።

«ደንቡ ‹እስከ መጨረሻው› ነው የሚለው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

እንደገና ደብተራቸውን ገለጡ፤ የሠርጉን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች ወረዱ።

«ሰባት ደቂቃ» አሉ በመጨረሻ፣ ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሺ፣ አልነካሽም። በስምንተኛው ግን ክርኔን እንዳትቀየሚው።»