የደረት ነቀርሳ

ሲስተር ትሩፋት ሦስት ሳምንት የለፋችበትን ጽሑፍ አቶ ዳኜ በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ጨረሱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ጡት» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ቦታ ነበር። አሥራ አንዱንም ሰርዘው በላዩ «ደረት» ብለው ጻፉበት። የእጅ ጽሑፋቸው ደግሞ ያምራል፤ ይበልጥ የሚያናድደው እሱ ነው።

ጊዜው የ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት በላፍቶና በሀና ማርያም አካባቢ ላሉ ሴቶች ስለ ጡት ነቀርሳ ትምህርት እንዲሰጥ ትንሽ በጀት መድቧል። ትሩፋት የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት ብቻ ጡታቸው ቆስሎ፣ ምንም ሊደረግላቸው በማይችልበት ሰዓት የመጡ አራት ሴቶች አይታለች። አራቱም «ምች መስሎኝ» ነው ያሏት። ስለዚህ ሥራው ሲሰጣት ከልቧ ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋም ቀበሌ እስክትገባ ድረስ ቆየ።

«አቶ ዳኜ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ሌላ በሽታ ሆነ» አለች። «የደረት ነቀርሳ ሲባል ሰው የሚያውቀው የሳንባውን ነው። የሚያስለውን።»

«ይገባኛል ሲስተር። ግን በድምፅ ማጉያ ነው የሚነገረው። መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ በር ያልፋል። ቄሶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። እዚያ መሀል ጡት፣ ጡት እያልን ልንዞር ነው?»

«እርስዎስ ጡት ጠብተው አይደል ያደጉት?»

«ጠብቻለሁ። በድምፅ ማጉያ ግን አልጠባሁም።»

ጸሐፊያቸው ሳቀች። ትሩፋት አልሳቀችም። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ልብ አውልቅ ናቸው እንጂ። ቃሉ ካልተቀየረ አዳራሹም መኪናውም እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገሯት፣ ወንበርም ሳቡላት። እሷም «ግድ የለም፣ እሁድ አዳራሽ ውስጥ በአፌ አስረዳለሁ» ብላ ለራሷ ነገረችና የታረመው ወረቀት ላይ ፈረመች።

ቅዳሜ መኪናው ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም እየዞረ ለፈፈ። «የደረት ነቀርሳ ገዳይ ነው። በጊዜ ከታወቀ ግን ይድናል። በየወሩ ደረታችሁን በእጃችሁ ፈትሹ።» ደረት በእጅ ሲፈተሽ ምን እንደሚገኝበት የገባው ሰው ያለ አይመስልም፤ የሸሚዝ ኪሱን የዳበሰ ግን አይጠፋም።

እሁድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስታየው ትሩፋት ለአፍታ ልቧ ሞቀ። ቀረብ ስትል ሳሉን ሰማች። ከላፍቶ፣ ከፉሪ፣ ከየት ከየቱ፣ የሚያስል ወንድ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። አንዱ አክታውን በብልቃጥ ይዞ መጥቷል። ሴቶቹ አሥር አይሞሉም፤ እነሱም እንዳይተላለፍባቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው በሩ ሥር ቆመዋል።

ትሩፋት ማይክራፎኑን ያዘች። «ወገኖቼ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሳል ላስተምር አይደለም። ስለ ሴቶች...» አለችና ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አንድ ባለነጭ ጥምጥም አባት አየች። ቃሉን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ቢያንስ በኋላ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው። ይሄኔ አቶ ዳኜ ማይክራፎኑን ወሰዱና «ሲስተር ለማለት የፈለገችው ስለ ደረት ነው» አሉ።

ከበሩ ሥር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። እማዋይሽ ናት። ሀና ማርያምን ከጥንት ሲያርሱ ከኖሩት ገበሬዎች ወገን ስትሆን ሦስት ላሞች አሏት፤ በየማለዳው ለሰፈሩ፣ ለትሩፋትም ቤት ጭምር፣ ወተት ታከፋፍላለች።

«ሳል የሌለበት ሰውስ?» ብላ ጠየቀች።

«ሳል የሌለበት ሰው አምላኩን ያመስግንና ወደ ቤቱ ይሂድ» አሉ አቶ ዳኜ።

አዳራሹ ሳቀ። እማዋይሽም ፈገግ ብላ ወጣች። ትሩፋት ልትከተላት ፈልጋ ነበር፤ ግን አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን አውልቀው «እዚህ ጋ ነው የሚወጋኝ» እያሉ መንገድ ዘጉባት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። እሁድ አዳራሽ የታየ ሁሉ «ሳንባውን ነው» ተባለ። አንዲት ተከራይ ብርጭቆዋ ተለየባት። ጤና ጣቢያው በር ላይ መታየት ነውር ሆነ፤ ልጅ የምታስከትብ እናት እንኳ በጓሮ በኩል መግባት ጀመረች። ድርጅቱ ግን ሕዝቡ አዳራሹን እንዳጣበበው የሚገልጽ ሪፖርት ደርሶት የምስጋና ደብዳቤ ላከ። አቶ ዳኜ ደብዳቤውን በመስታወት አስገብተው ሰቀሉት።

የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ እማዋይሽ ጤና ጣቢያ መጣች። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ሳል ጀመረሽ እንዴ፣ እትዬ እማዋይሽ?»

«የምን ሳል? ደረቴ ደህና ነው። ጡቴ ነው።»

ትሩፋት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከመስቀል በፊት። ባቄላ ታህል ነበር። ያን እሁድ የመጣሁት እሷን ልጠይቅ ነው። ሳል የሌለበት ይሂድ ተባለ፣ ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? በየማለዳው ደጄ ላይ ነሽ እኮ!»

«ደጅሽ ላይ ባልሽ አለ፣ አከራይሽ አሉ። ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ ጡቴ ልበልሽ? እዚህ በር ላይ ከታየሁ ደግሞ ሳንባ ያለባት ሴት ያለበችውን ወተት ማን ይገዛኛል? ጾሙ እስኪገባ ጠበቅኩ። አሁን ወተት የሚጠጣ የለም።»

ሴትዮዋ ያሰበችው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ነው አንጀቷን ያሳረራት። አስተኝታ ዳሰሰቻት። ባቄላዋ አድጋለች፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ተስቧል። ብብቷ ሥር ደግሞ ሌላ እብጠት አለ።

«ይሄኛው መቼ ወጣ?»

«እሱ አዲስ ነው። ያን እሁድ አልነበረም።»

ትሩፋት እጇን ታጠበች፤ ታጥባ ስትጨርስ እንደገና ታጠበች። በአቶ ዳኜ ተናደደች፣ በድርጅቱ ተናደደች፣ ብልቃጥ ይዞ በመጣው ሰውዬ ሳይቀር ተናደደች።

«ያኔ ስለ ጡት ልትናገሪ እንደነበር ገብቶኛል፤ ቃሉን ግን ማነው የቀየረው?» አለች እማዋይሽ ከአልጋው ላይ እየተነሳች።

«አቶ ዳኜ ናቸው።» ፎጣውን መስቀያው ላይ መለሰች። «እኔም ፈርሜያለሁ።»

«አፍረሽ?»

«ነርስ ሆኜ ምን ያሳፍረኛል? አዳራሹን እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው።»

እማዋይሽ ቀሚሷን እየቆለፈች «አዳራሹስ ሞልቶልሽ ነበር» አለች። ለነገር ብላ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ቀጥላም «አሁን ረፍዷል ወይ?» አለቻት።

«አላውቅም። ሆስፒታል ነው የሚያውቀው። ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ላፍቶ ላይ ውይይት ታክሲ ተሳፈሩ። ውይይት ላይ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፤ ዓይን የሚያሸሹበት ቦታ የለም። ከፊታቸው የእማዋይሽ ደንበኛ ገበያነሽ ተቀምጣለች፤ ከእሷ ቀጥሎ፣ እንደ ዕድላቸው፣ አቶ ዳኜ ነበሩ። ገበያነሽ ወተት ሻጯን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፍንጫዋን ሸፈነች።

«በሰላም ነው ከሲስተር ጋር?» አለች ከነጠላው ሥር።

ትሩፋት ሦስቱን ላሞች፣ ከጾሙ በኋላ ወተት ገዢ የሚጠፋበትንም ማለዳ በእማዋይሽ ፊት ላይ አነበበች። ዝም ካለች «የደረት» ተብሎ ነው የሚወራባት።

«ሳል የለብኝም ገበያነሽ፤ ነጠላሽን አውርጂው» አለች እማዋይሽ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ጡቴን ነው የሚያመኝ። የጡት ነቀርሳ እንዳይሆን ልታይ እየሄድኩ ነው።»

አቶ ዳኜ የሌለባቸውን ሳል ሳሉ። ገበያነሽ ነጠላዋን ቀስ ብላ አወረደች፤ ወደ እማዋይሽም ጠጋ ብላ «እንዴት አወቅሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በእጄ ዳስሼ።»

«እንዴት ነው የሚዳሰሰው?»

እማዋይሽ መልሱን ፍለጋ ወደ ትሩፋት ዞረች። ትሩፋት ይህን ጥያቄ ከጥቅምት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር፤ መልሱንም በቃሏ ትወጣዋለች። አሁን ግን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ግሎ፣ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ ነበር። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መጀመሪያ ያቀረቀረችው እሷ ናት።