በጾም የተሰማ ከበሮ

በ1997 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ባሌ ያርጋል ራቱን እየበላ ድንገት ጉርሻውን መለሰና «በጾም ከበሮ የሚመታው ማነው?» አለኝ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። «ልጆች ጄሪካን እየደበደቡ ይሆናል» አልኩት።

«የጄሪካን ድምፅ ጠፍቶኝ ነው? የኛው ከበሮ ነው። ጠፍሩን የጠፈርኩት እኔ ነኝ።»

ያርጋል ደባርቅ ውስጥ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበር። ዜማ የተማረው ደረስጌ፣ ከየኔታ ቢራራ ዘንድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደማይነካ፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም፤ ድፍረት ነው ብሎ ተነስቶ ሄደ። ከበሮው የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ተቆልፏል። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «በሩ ላይ ቆሜም ከውስጥ ይመታል» አለኝ።

በሳምንቱ ጸናጽል ተጨመረበት። ከዚያ የወንዶች ድምፅ መጣ። ከድምፆቹ አንዱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ያለፋቸው የየኔታ ቢራራ እንደሆነ ሲነግረኝ እንባው ይወርድ ነበር።

«ይመኙሻል፣ በሕይወት እያሉ እንኳ እንዲህ ሲያዜሙ አልሰማኋቸውም።»

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ አልፈራሁም። ጸጋ ተሰጠው ብዬ ቀናሁበት።

ጸጋው አልቆየም። ዜማው ውስጥ የሱ ስም ገባ። በግዕዙ መሀል «ያርጋል አርክሶታል፣ ያርጋል ይውጣ» እያሉ ይቀባበሉት ጀመር። እንቅልፍ አጣ፤ እህል አስጠላው። አብሮት የሚያገለግለው ደብተራ ዋሴ ተደብቆ የሚያስዘምርበት መሰለው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንገቱን ይዞ «ከበሮውን አስቀምጥ!» ብሎ ጮኸበት።

የደብረ ዘይት እሑድ፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ያርጋል ከበሮውን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ዐውደ ምሕረቱ ላይ አስቀመጠው። ቢላዋ ይዞ ነበር። ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው፤ የገዛ መዳፉንም አብሮ። ሴቶች ጮኹ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ጠምዝዘው ሲይዙት አልታገለም። የተቀደደውን ከበሮ እያየ «አሁንም ይመታል! አትሰሙም እንዴ?» አለ። እኔም የፈራሁት ያኔ ነው።

ዛር ነው ያለ አለ። ድግምት አብዝቶ ነው ያለም አለ፤ በደብተራ ላይ ይህ ቶሎ ይወራል። ከወንድሙ ከሐብታሙ ጋር ሆነን ድብ ባሕር አካባቢ ወዳለ ጸበል ወሰድነው። ሁለት ሱባዔ ተጠመቀ። ውሃው አናቱ ላይ ሲወርድ ድምፁ ይብስ ይጠራል እንጂ አይጠፋም ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን አጥማቂው አባ ገብረ ኪዳን ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።»

«አባቴ፣ ጸበሉን ትቼ?»

«ማን ተይው አለሽ? ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር። የያዘው ሌላ ነገር ቢሆን እኔን ይሰድበኝ ነበር። ይሄ ሰው ይፈራል እንጂ አይሳደብም። ታሟል።»

ጎንደር ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችው። «ዜማው የሚመጣው ከውጭ ነው ከውስጥ?» ስትለው «እርስዎ አሁን የሚያናግሩኝ ከውጭ ነው ከውስጥ?» አላት። የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ አንዳንዱ ሕመምተኛ ንግግር፣ አንዳንዱ ደግሞ ዘፈንና ዜማ እንደሚሰማ፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ መዋጥ እንዳለበት አስረዳችን።

ክረምቱ ሲገባ ዜማው ራቀ። «አሁን ከተራራው ማዶ ሆነ» ይለኝ ነበር። ግን ከመድኃኒቱ የተነሳ ምላሱ ከበደ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ወደ አገልግሎቱ ተመልሶ ማኅሌት ሲመራ ድምፁ መሀል ላይ ይሰበርበታል። ዜማ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ እጅ ነስተው፣ በአክብሮት ነው የተዉት። ያ ይብሳል።

ጥምቀት ሲቃረብ ክኒኑን ደብቆ መትፋት ጀመረ። ያወቅኩት ከቤት ከጠፋ በኋላ ነው። ስንፈልገው ውለን ሐብታሙ ሊማሊሞ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘው። ጋቢውን አጣጥፎ ከጎኑ አስቀምጦታል።

«መድኃኒቱን ለምን ተውከው?» አልኩት ስደርስ።

«ክኒኑ ክፉዎቹን ብቻ አያስወጣም፣ ይመኙሻል። የኔታንም ያስወጣል። እንዴት ብዬ በገዛ እጄ የኔታን ዝም አሰኛለሁ?»

«አሁን ምን ይሉሃል?»

ወደ ገደሉ አየ። «ና ይሉኛል።»

ከጎኑ ተቀመጥኩና ጋቢውን አለበስኩት። «እንግዲያው የኔታ አይደሉም» አልኩት። «የኔታ ተማሪያቸውን ወደ ገደል አይጠሩም።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዓይኑን ከገደሉ መለሰ። ከዚያ ለሐብታሙ እጁን ዘረጋለት።

ይህ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ያርጋል ሃምሳ ሳይሞላው ሽማግሌ መስሏል። ማኅሌት መቆም ትቷል፤ ግድግዳ ተደግፎ ያስቀድስና ወደ ቤቱ ይመጣል። ጓሮአችንን እያረስን እንኖራለን። በየወሩ ክኒኑን አመጣለሁ፤ ሲውጥም አያለሁ። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ማንጎራጎር ትቻለሁ። የሰማው የኔ ድምፅ ይሁን የዚያ ዜማ ለመለየት ሲጨነቅ ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ሐሙስ ነጭ ሽንኩርት ስንኮተኩት ቀና ብሎ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ዛሬ አለ?» አልኩት።

«አለ። በሩቁ።»

«ይጠራሃል?»

«አይ፣ ያዜማል ብቻ።»

«እንግዲህ ያዚም» አልኩት። ወደሚቀጥለው መደብ ተሻገርን።